አርጎስ ካልጋሪ ነው ያለው

የጥንት ግሪኮች ሥራ አልነበራቸውም መሰለኝ። ሥራ ያለው ሕዝብ ያን ሁሉ ግዙፍ ቁጭ ብሎ አይፈለስፍም። አንዱን ግንባሩ ላይ አንዲት ዓይን ተክለው እንግዳ የሚበላ አደረጉት፤ ሌላውን ሰማይ አሸክመው «ቆይ መጣን» ብለውት ሄዱ፤ ለሌላው ደግሞ መቶ እጅ ሰጡትና የሚጨብጠው አጥቶ ሲወራጭ ኖረ። አርባ ዓመት ደሴ ላይ ታሪክ ሳስተምር እነዚህን ሁሉ ለልጆቹ አስጠንቼአቸዋለሁ። ዛሬ ከመካከላቸው አንዱም የሚያስታውሳቸው አይመስለኝም። እኔ ግን አስታውሳለሁ፤ ዕድሜ ለካናዳ ክረምት፣ ከመጽሐፍ ሌላ የሚያነጋግረኝ የለም። ልጆቼ ቶሮንቶ ናቸው። ዒድ ሲሆን ይደውሉና «እማዬ፣ አር ዩ ኦኬ?» ይሉኛል። ኦኬ ነኝ እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ከግዙፎቹ ሁሉ የምወደው አርጎስን ነው። አርጎስ መቶ ዓይን ነበረው። ግንባሩን፣ ማጅራቱን፣ ጀርባውን፣ የፈለጋችሁትን ቦታ ብትዳስሱት ዓይን ነው። ሲተኛ እንኳ ሁለት ሁለቱን በተራ ይከድናል እንጂ የቀሩት አያርፉም። እንዲህ ያለ ፍጡር ብታገኙ ምን ሥራ ትሰጡት ነበር? አማልክቱ ላም ጠባቂ አደረጉት። ላም! ላሟም ቢሆን የእውነት ላም አልነበረችም። ዜውስ የሚባለው የአማልክት አለቃ፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ ሚስቱን ሲያታልል የኖረ ሽማግሌ፣ ከአንዲት ቆንጆ ጋር ሳለ ሚስቱ ሄራ ከተፍ አለችበት። ሲደነግጥ ቆንጆዋን ላም አደረጋት። «ይቺ ምንድን ናት?» አለች ሄራ። «ላም ናታ!» አለ። «ታምራለች፤ ስጠኝ» አለችው። እንቢ ቢል ሊነቃበት ነው፤ ሰጣት። እኛ ላም አለኝ በሰማይ እያልን የምንተርተውን እነዚያ በቁም ነገር ይዘውት ነበር ማለት ነው። ሄራም ባሏን ታውቀዋለችና ላሚቱን በአርጎስ አስጠበቀቻት። ካልጋሪ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ሆኖ የሠራ ወገኔ ሁሉ የአርጎስ ነገር ይገባዋል። መቶ ዓይን ይዞ የሚከፈለው የአንድ ሰው ደመወዝ ነው፤ ብሬክ የሚባል ነገርም የለውም።

መጨረሻው አላማረም። ዜውስ ሄርሜስ የሚባል ምላሰኛ መልእክተኛውን ላከበት። ሄርሜስ ሰይፉን ደብቆ፣ እረኛ መስሎ አጠገቡ ቁጭ አለና ወሬ ጀመረለት። ረጅም ወሬ፣ ጫፉ የማይያዝ ወሬ። ዓይኖቹ አንድ ባንድ ተከደኑ፤ የመጨረሻዋ ስትከደን አንገቱን ቀላው። ሄራ አልቅሳ ስታበቃ ዓይኖቹን ለቃቅማ ፒኮክ በሚሉት ወፍ ጭራ ላይ ደረደረቻቸው። እስከ ዛሬ እዚያ አሉ፤ ያምራሉ እንጂ አያዩም።

ግሪኮቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ። እኔ ብዙ አንብቤ፣ ካነበብኩትም በላይ ኖሬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ አርጎስ አልሞተም። ጥገኝነት ጠይቆ ካልጋሪ ገብቷል። ሐበሻ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱም ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ብርኽቲ ሱቅ ውስጥ ነው።

ብርኽቲ የአስመራ ልጅ ናት። በንጉሡ ጊዜ በአማርኛ ስለተማረች ከእኛ ከወሎዬዎቹ ይልቅ ሰዋስው ትጠነቅቃለች፤ ሰው ስታማም ባለቤቱንና ማሰሪያ አንቀጹን አሟልታ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራና የስልክ ካርድ ትሸጣለች፤ መስኮቷ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ያሳያል። በመስኮቱ በኩል ጋሼ ዓሊ የሚባል ባለታክሲ አይጠፋም፤ እሱ የከተማውን ጎዳና ሁሉ ያያል። ሰሚር ደግሞ ሰሜን ከነዳጅ ጉድጓዶቹ ጋ ከባድ መኪና ይነዳል፤ እሱ ሀይዌዩን ያያል። ቀሪዎቹ ዓይኖች በየነርሲንግ ሆሙ፣ በየፓርኪንጉ፣ በየትምህርት ቤቱ በር ተበትነዋል። አትቀየሙኝና እናንተም ከመቶዎቹ ናችሁ።

ግዙፉን አላማውም፤ ሲያስፈልግ ይደርሳል። አንድ ክረምት በረዶ አንሸራቶኝ ስወድቅ መሬት ሳልደርስ ነው የተደወለልኝ።

ይህን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ነዳጅ በወደቀበት ዓመት ነው። ካልጋሪ ውስጥ ሰው የነዳጅን ዋጋ የሚጠይቀው የታመመ አጎቱን ጤና እንደሚጠይቅ ነው፤ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ይላል። ያን ዓመት አጎትየው አልጋ ያዘ። ዳውንታውን ያሉት የመስታወት ፎቆች እንደወትሮው ያበራሉ፤ ውስጣቸው ግን ወንበር ብቻ ቀርቷል አሉ። በየቤቱ አዲስ ቃል ገባ፤ ሌይኦፍ፣ ከሥራ መቀነስ። ደሴ ላይ በልጅነቴ የሳንባ ነቀርሳን ስም ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚጠራው። ሌይኦፍም እንደዚያ ሆነ፤ ሁልጊዜ የጎረቤት በሽታ ነው፣ እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም።

በዚያ ሰሞን ሐኪም ጉልበቴን አይቶ «ተራመጂ» አለኝ። በካልጋሪ ክረምት ውጭ የሚራመድ ሽማግሌ ከሐኪሙ ቀድሞ ወደ ቀባሪው ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ ሰንሪጅ ሞል ውስጥ እንዞራለን፤ የፑንጃብ ሽማግሎች፣ የፊሊፒን አሮጊቶች፣ በየቋንቋው የሚያቃስቱ ጉልበቶች። አንድ ቀን ዞሬ ዞሬ ፉድ ኮርቱ፣ መመገቢያው አዳራሽ ጋ ስደርስ፣ ከዶናት መሸጫው ፊት ለፊት አንድ ሰው ከረባት አስሮ፣ የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ላፕቶፑን ያያል። መኮንን ነው።

መኮንን የሰፈሬ ልጅ ነው፤ እናቱን ደሴ ላይ በጉርብትና አውቃቸው ነበር። ዳውንታውን አንድ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ የቧንቧ ንድፍ ይሠራል፤ ሚስቱ ጽጌ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች፤ ቤታቸው ከካልጋሪ ወጣ ብላ ካለችው ከተማ፣ ኤርድሪ ነው። የማውቀው ይህን ነበር። አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ የመታወቂያ ማንጠልጠያ አለ። መታወቂያው ግን የለም።

«መኮንን፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ሚቲንግ አለኝ እትዬ ዘሀራ።»

«ከማን ጋር? ከዶናቱ ጋር?»

ሊስቅ ጀመረና ሳቁ መንገድ ላይ ቀረበት። ወንበር ሳበልኝ።

በመከር ነው ያሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ ጽጌ የቋጠረችለትን ምሳ ይዞ፣ ሳይነጋ ከኤርድሪ ይወጣና እዚህ ይመጣል። ፓርኪንግ ነፃ ነው፤ ይሞቃል፤ ሱቆቹ እስኪከፈቱ ሐበሻ የለም። ሥራ ያመለክታል፤ መልስ የለም፤ ሲመሽ «ደከመኝ» እያለ ይገባል። «ድካሙ ግን ውሸት አይደለም» አለኝ።

«ለሚስትህ መንገር ምን ገደለህ? እሷ እንደሆነች ሄራ አይደለችም።»

ሄራ ማን እንደሆነች አልጠየቀኝም፤ የተጨነቀ ሰው ተረት አይጠይቅም። «እናቷ ደሴ ታማለች» አለ። «ጽጌ ከወጣች ጀምሮ አላየቻትም። ትኬት ተቆርጧል፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ትበራለች። እኔ አውቃታለሁ እትዬ፤ ሥራ መፍታቴን ከሰማች ትኬቱን ካንስል አድርጋ ደብል ሺፍት ትገባለች። 'ለሚመጣው ዓመት' ትላለች። እናቷ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት አትደርስም። አውሮፕላኑ ላይ እስክትወጣ ብቻ ነው። አደራዎን እትዬ፣ አይንገሩብኝ።»

ደግ ሰው በሰባ ዓመቴ ብዙ አላጋጠመኝም፤ ሲያጋጥመኝም እንዲህ እያለቀሰ ዶናት አጠገብ ነው። «አላየሁህም» ብዬው ተነሣሁ፤ ጉልበቴን እየረገምኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ዕለት፣ ሽሮ ልገዛ ብርኽቲ ሱቅ ገባሁ። ጋሼ ዓሊ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ታክሲው ሰው ሁሉ ታክሲ በሚፈልግበት ሰዓት በር ላይ ቆማለች። ሰሚር ከስልኩ ጋር ይታገላል። ብርኽቲ ሽሮውን እየመዘነች ቀና ሳትል ጀመረች።

«እትዬ ዘሀራ፣ ያ የኤርድሪው መኮንን ደኅና ነው?»

«ምነው?»

«ሰሚር መኪናውን ሰንሪጅ አየው፤ ራሱንም ምሳ ዕቃ ይዞ ሲገባ። ዛሬም፣ ትናንትም።»

«ታዲያ ሰው ሰንሪጅ አይሄድም?»

«በሥራ ሰዓት?»

«ሰሚርስ በሥራ ሰዓት ሰንሪጅ ምን ሊያደርግ ሄደ?»

«ቫኬሽን ላይ ነኝ እትዬ» አለ ሰሚር፣ ከስልኩ ዓይኑን ሳይነቅል።

ያን ጊዜ ሄርሜስ ትዝ አለኝ። አርጎስን በጉልበት አትችለውም፤ በወሬ ታስተኛዋለህ። እኔ ደግሞ በወሬ ሰው ማስተኛት የአርባ ዓመት ሙያዬ ነው፤ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ አላልኳችሁም? በርጩማ ሳብኩና «አንድ ተረት ልንገራችሁ» አልኩ። የአማልክቱን የዘር ሐረግ ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀመርኩ። ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን ልጁን እንደዋጠ፣ የተዋጠው እንዴት ተመልሶ እንደተተፋ። ሻዩ ቀዘቀዘ። የጋሼ ዓሊ አገጭ ደረቱ ላይ አረፈ። የሰሚር ስልክ ከእጁ ተንሸራቶ ጭኑ ላይ ወደቀ፤ አላነሣውም። ብርኽቲ የጤፍ ጆንያውን ተደግፋ ዓይኗን ከደነች። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ኮራሁ። ኩራት ደግሞ ሰው ያጠፋል። የዘር ሐረጉ ላይ ብቆም ኖሮ ሁለቱ ሳምንታት በሰላም ያልፉ ነበር። እኔ ግን ሞኝ ሆኜ፣ ከተረት ሁሉ መርጬ፣ ዜውስ ቆንጆዋን ከሚስቱ ወደ ደበቀበት ገባሁ።

የብርኽቲ አንድ ዓይን ተከፈተ።

«ቆይ እስቲ። ባልየው ከሚስቱ የሚደብቀው ነገር ነበረው ማለት ነው?»

«ነበረው፤ ግን ይህ የድሮ…»

«እንደ መኮንን!» አለች ብድግ ብላ። ጋሼ ዓሊ ነቃ። ሰሚር ስልኩን አነሣ። «ሥራ ፈቷል! ጽጌ አታውቅም! ያቺ ምስኪን ምሳ እየቋጠረች ትልከዋለች!»

በዚያች ቅጽበት መቶውም ዓይን ተገልጦ ነበር። ሄርሜስ እንኳ ያልሠራውን ስህተት ሠራሁ፤ ለዘበኛ የዘበኛን ታሪክ አይነግሩም።

ክፋት አልነበራቸውም። እንዲያውም ጋሼ ዓሊ እንባ አቀረረ። «እሷ የመጨረሻዋ ሰሚ መሆን የለባትም» አለ። «ነገ ከሜዳ ብትሰማው 'ሰው የለኝም' አትልም?» ብርኽቲ ልደውል ስትል ጮኸባት፤ «ክፉ ነገር በስልክ አይነገርም!» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እናቷን ለማየት ልትሄድ ነው፣ ተዉአት ትሂድ ብልም የሚሰማኝ አጣሁ። «ባዶ ቤት ትታ መሄዷን ሳታውቅ?» አለኝ ጋሼ ዓሊ፤ በእሱ አፍ ሲነገር እውነት ይመስል ነበር። ሰኞ የካናዳ የቤተሰብ በዓል ስለሆነ መኮንን ቤት ይውላል፤ ማክሰኞ ጠዋት እሱ ሲወጣ እንሄዳለን ተባለ። እኔም ነገሩን አለዝባለሁ ብዬ አብሬ ልሄድ ተስማማሁ። መኮንንን እንዳላስጠነቅቀው ቅዳሜና እሑድ ሰንሪጅ አይመጣም፤ ስልኩንም አልያዝኩም፤ «አላየሁህም» ያሉትን ሰው ደግሞ ስልክ ቁጥር አይጠይቁትም።

ማክሰኞ ሰሚር በሚኒቫኑ መጣ። ገብቼ ቀበቶዬን አስሬ ቀና ስል ደነገጥኩ። ብርኽቲ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፤ ጉትቻዋን አውልቃለች። ከኋላ ያሉት ሁለት ሴቶችም ዘቅዝቀዋል። አንዷ የውሃ ጠርሙስ ይዛለች። ጋሼ ዓሊ ጥቁር ካፖርት ለብሶ አንገቱን ደፍቷል።

«ማነው የሞተው?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም እትዬ» አለች ብርኽቲ።

«ታዲያ ነጠላሽን ምን ዘቀዘቀው?»

«ክፉ ልንነግር አይደል እንዴ የምንሄደው? እየሳቅን እንግባ?»

እኛ መርዶ እንዴት እንደምንናገር ታውቃላችሁ። ሰው አንድ ሆኖ አይሄድም። ባለቤቲቱ ከቤት ሳትወጣ፣ በማለዳ፣ ተሰብስቦ ነው። ጠንካራ የሆኑት ሁለቱ በግራና በቀኝ ይቆማሉ፣ ስትወድቅ እንዲይዟት። ውሃ ይያዛል። ደፍሮ የሚናገር የለም፤ መናገርም አያስፈልግም፤ በሩን ስትከፍት ፊታቸው ላይ ታነበዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለዚህ ነው። እነዚህ ወገኖቼ የሚያውቁት ክፉ ነገር አነጋገር ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራ ለሞተበትም ሰው ለሞተበትም ያው ነው። እኔ ግን ያኔ ነው የገባኝ።

«ሰሚር፣ መኪናውን አዙር! ሴትዮዋ እናቷ ታማለች! እንዲህ ሆናችሁ ብታያችሁ ምን ትላለች?»

 ጋሼ ዓሊ ቀስ ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ሀይዌይ ላይ ነን እትዬ» አለ ሰሚር፤ «የሚቀጥለው ኤግዚት ኤርድሪ ነው።»

ነጠላው ሳይስተካከል ደረስን። እኔ ቀድሜ ልወርድ ስል ጉልበቴ ከበረዶው ጋር ተጣላብኝና ኋላ ቀረሁ። ደወሉ ተደወለ። ጽጌ ጋቢ ደርባ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ በሩን ከፈተች። አየቻቸው። እነሱም አዩአት። ከመካከላቸው አንድ ሰው «እንደምን አደርሽ» ቢል እንኳ ምንኛ በጠቀመ! ማንም አፉን አልከፈተም። ልማድ አፍ ይይዛል።

«እናቴን!» አለች ጽጌ።

ወደቀች። በግራና በቀኝ የቆሙት ያዟት፤ ለዚህ ለዚህማ ዝግጅቱ አላነሰም። ጩኸቷ መንገዱን ሞላው። ባሻገር ያለው ፈረንጅ ጎረቤት በፒጃማው ወጣና ስልኩን ይዞ ቆመ። ይባስ ብላ ብርኽቲ፣ ለምን እንደመጣች እያወቀች፣ ልማድ ሆኖባት አብራ ደረቷን መታች።

«እናትሽ ደኅና ናቸው!» እያልኩ በበረዶው ውስጥ እየተንፏቀቅኩ ደረስኩ። «ጽጌ! ስሚኝ፣ እናትሽ ደኅና ናቸው!»

«ታዲያ መኮንን ነው? መኮንኔን ነው?»

«መኮንንም ደኅና ነው!»

«ማነው ታዲያ የሞተው? ንገሩኝ!»

ጋሼ ዓሊ ኮፍያውን አወለቀ። «ሥራው ነው እመቤት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመኮንን ሥራ ነው ያረፈው። በመከር።»

ጽጌ ደጃፉ ላይ፣ በረዶው ላይ ተቀመጠች። አንድ ባንድ አየችን፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ውሃውን፣ ጥቁሩን ካፖርት።

«ሥራ?»

«ሥራ።»

«እናቴ አለች?»

«አሉ አልንሽ እኮ።»

አላመነችንም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ደሴ ደወለች። እዚያ ማምሻው ላይ ነው። ስልኩ ብዙ ጠራ፤ ከዚያ ደካማ ድምፅ ተሰማ። «ማነው? ጽጌ ናት? የት ደረስሽ ልጄ?» አሉ እናትዮዋ። የመንገዷን ቀን እየቆጠሩ፣ ቀናቱ ተምታተውባቸው፣ እየመጣች ነው ብለው አስበው ነበር።  «መጣሁ እማዬ» አለች ጽጌ።

ስልኩን ዘግታ መሳቅ ጀመረች። ሲያዩት የሚያስፈራ፣ እንባ የተቀላቀለበት ሳቅ። «ትኬቱን ካንስል የማደርግ መስሎት ነው የደበቀኝ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ እንዴት እንደማውቅ አልጠየቀችኝም።

«አዎ።»

«አደርግ ነበር። አምናም እንዲሁ አድርጌአለሁ።» ጋቢዋን ሰበሰበች። «ለካ እናቴ የሞተች ቀን እንዲህ ነው የምሆነው። ዛሬ አየሁት። ሥራ ቢጠፋ ቤቱም ቢጠፋ፣ ያ ቀን ሳይመጣ እሄዳለሁ።»

የሚውልበትን ነገርኳት። ከዚያ ስፒከር ላይ አድርጋ ለባሏ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ኦፊስ ነኛ። ምነው?»

«ከኦፊስ ስትወጣ ፉድ ኮርት ጎራ በልና ዶናት ይዘህልኝ ና። እንግዶች አሉን።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ። ከዚያ «ባለቸኮሌቱን?» አለ መኮንን።

ገብተን ሻይ ተፈላልን። ነጠላዎቹ ተስተካከሉ፤ ሁሉም እፎይ ብሎ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። ጽጌ ስኒ እያደለች እያለች ድንገት ቆመች።

«ቆይ። ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አልናት።

«በማክሰኞ ጠዋት ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ተገኘ? እናንተ ሥራ የላችሁም?»

ወገኖቼ፣ መቶው ዓይን ሁሉ ምንጣፉን ያይ ጀመር። ሰሚር ስኒውን አዞረው፤ ደግሞ መለሰው። በመጨረሻ የተናዘዘው እሱ ነው። ቫኬሽኑ መመለሻ የለውም፤ የሚሠራበት የነዳጅ ካምፕ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ሚስቱ ሰሜን ያለ ይመስላታል፣ እሱ ጓደኛው ቤዝመንት ነው የሚያድረው። ጋሼ ዓሊ ታክሲውን ይዞ የሚወጣው ቤት ተቀምጦ እንዳይታይ ነው እንጂ የሚሳፈር የለም። ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ሴቶች ሆቴል ጽዳት ነበሩ፤ ነበሩ። ብርኽቲም ብትሆን፣ ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ ዘግታ የምትመጣው ቢከፈትም የሚገባ ስለሌለ ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላል ተረቱ። እዚያ ሳሎን ውስጥ የሁሉም ድስት አርሮ፣ ሁሉም ማማሰያውን ይዞ ኤርድሪ ድረስ መጥቶ ነበር። መቶ ዓይን አንዱ ሌላውን ያያል፤ የተተከለበትን ግንባር ግን አያይም። ይህን ግሪኮቹ አልጻፉትም። ሥራ ስለሌላቸው ነዋ ያልጻፉት፤ ሥራ የሌለው ሰው ይህን ወሬ ማንሣት አይወድም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰንሪጅ ስዞር አንድ ጠረጴዛ የእኛ ሆነ። መኮንን፣ ሰሚርና ጋሼ ዓሊ በግልጽ ተቀምጠው ሥራ ያመለክታሉ፤ ከረባት የለም፣ ማንጠልጠያም የለም። ሚስቶቻቸው ሁሉ አወቁ፤ የሞተ የለም። ሥራ ያገኘም የለም፤ ግን ለእኔ ወንበር ይይዙልኛል።

ጽጌ የሄደች ቀን ኤርፖርት የሸኛት ሰው ብዛት ለሠርግ ይበቃ ነበር። ሺፍት አለኝ የሚል አልነበረማ። ሁሉም የክት ልብሱን ለብሷል፤ ነጠላው፣ ሻሹ፣ ባለቀለሙ ሻርፕ፤ የግዙፉ ዓይን ሁሉ እንባ ሞልቶት ያብረቀርቃል። እኔም ቆሜ አሰብኩ። ሄራ የለቀመቻቸው ዓይኖች ይኸውና፣ ጭራው ላይ ተደርድረዋል፤ ያምራሉ፣ አያዩም። አርጎስ በመጨረሻ ዐረፈ፤ ነፍስ ይማር።

ጽጌ እጇን እያውለበለበች በመስታወቱ በር ገብታ ጠፋች። መኮንን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ብርኽቲ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እትዬ ዘሀራ፣ ሻንጣዋን አይተውታል? አዲስ እኮ ነው። ባሏ ሥራ ፈት፤ በምኗ ገዛችው?»

«አንቺ አታፍሪም?» ብዬ ገሠጽኳት።

እኔ እንኳ ገና ከመኪና ሲያወርዱት ነበር ያየሁት።